ሽቦ ውስጥ የተውኳት ሳላ

ጡረታ የወጣሁ ቀን ጋቢ ሸለሙኝ። ሰመራ ላይ ጋቢ። አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው እየዞረ እንኳ ሰው ሁሉ ላቡን በመሐረብ ይጠርጋል። ኃላፊያችን ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው። ጋቢውን በገዛ እጁ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና ማይክራፎን ይዞ ስለ እኔ መናገር ጀመረ።

«ጋሽ ሰይድን በደንብ የማታውቁ እወቁ» አለ ለአዲሶቹ ስካውቶች፣ ለዱር እንስሳ ጠባቂዎቹ። «ወደ አዋሽ በኩል ሲሠሩ አንዲት ሳላ በሽቦ ተይዛ አገኙ። ሌላ ሰው ቢሆን ፈቷት ወደ ቤቱ ይገባል። እሳቸው ግን አዳኙን ለመያዝ ብለው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ ቁጥቋጦ ሥር ውለው አደሩ። ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።»

ተጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸውና ጭብጨባው ባሰ።

ከኋላ ወንበር ላይ ሁመድ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ከሳላዋ አጠገብ አብሮኝ የነበረው ሰው ነው፤ ሥራውንም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ አላጨበጨበም።

ይህን የምጽፈው በዚያ ጭብጨባ ምክንያት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄ ከብዕር ይልቅ ዱላ ለምዷል። የተዛነፈ ፊደል ካለ አንባቢው አቃንቶ ያንብበኝ። ነገሩን ግን አላዛንፈውም።

አገሬ ወሎ ነው፣ ከሚሴ አጠገብ። ወደዚህ በረሃ ያመጣኝ ጥጥ ነው። ጢሜ ገና ብቅ ሲል ዱብቲ ለለቀማ መጣሁና እዚሁ ቀረሁ። እኛ ለቃሚዎቹ የምንኖረው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተደርድረን ነበር። የሚበላው ቂጣ ነው፣ ሲሻሻል ሽሮ ነው። ሥጋ ያማረው ሰው ሽቦ ይተክላል። ሽቦውን የሚገዛ የለም። ጅቡቲ መንገድ ዳር የፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ ሞልቷል። ጎማውን ያነዱታል፤ ላስቲኩ ነዶ ሲያልቅ ውስጡ ያለው ሽቦ ይቀራል። እሱን ጠምዝዘው ሸምቀቆ ያበጁበታል።

ከዚያ የእሾህ አጥር ነው የሚሠሩት። አውሬ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አይተው እሾህ ቆርጠው ይጎትቱና ረዥም አጥር ያጥራሉ፤ እዚህም እዚያም ቀዳዳ ይተዉለታል። እንስሳ ደግሞ እሾህ አይጥስም፤ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። በየቀዳዳው ሽቦ አለ።

አንገት የሚይዝ ሽቦ ቶሎ ይገድላል። ለኛ ሰው ግን አይሆንም። ታንቆ የሞተ በክት ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይነካውም። ስለዚህ ሸምቀቆውን ዝቅ አድርገው ለእግር ይተክሉታል። እንስሳው እግሩን ተይዞ በሕይወት ይቆያል። ባለሽቦው ሲመቸው ይመጣል፤ ሥራ ካለበት ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል። ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ ሥጋው ሐላል ሆነ ይላል። እስከዚያ ድረስ ሽቦው የሚሠራውን የሚጠይቅ የለም። ሸምቀቆ ሲታገሉት ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ቆዳውን ያልፋል፣ ጅማቱን ይበላል፣ አጥንት ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንስሳው ግን አይቆምም፤ መጎተቱን ይቀጥላል።

እኔ ሽቦ ተክዬ አላውቅም። በልቻለሁ ግን። ከማን እንደመጣ፣ እንዴት እንደመጣ አልጠየቅኩም። ጎረምሳ ነበርኩ፣ ርቦኝ ነበር፤ እዚያ ቤት የማይበላ አልነበረም።

ከጥጡ ወጥቼ አዋሽ ሰባት ኪሎ ስካውት ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ደመወዙ ምን ያህል እንደነበር ብናገር ትስቃላችሁ፣ ልለፈው። አሮጌ ጠመንጃ፣ ከጉልበቱ የተጣፈ ሱሪና ኮዳ ሰጡኝ። ሁመድ ላይ ደረቡኝ።

ሁመድ አፋር ነው፤ ከኔ ጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። የመጀመሪያው ቀን «እንዴት አደሩ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ አየ።

«ከኔ ጋር ሌላ ሰው አለ?» አለኝ።

«አንቱ ማለቴ ነው፣ ለአክብሮት።»

«አንተ በለኝ። ሥራውን ከሠራህ አከበርከኝ።»

ሁመድ ለሥራው የራሱ መንገድ አለው። ጠዋት ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ሰው ዓይኑን እንዳይወጋው ፀሐይን ከጀርባው ያደርጋል። «ከፊትህ ስትሆን ሽቦው ያበራልሃል» ይላል። ጥላ ሥር ከመቀመጡ በፊት መዳፉን በግራሩ ግንድ ዙሪያ ያስኬዳል። ሽቦ የታሰረበት ግንድ ልጡ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ዓይን የሳተውን እጅ ያገኘዋል። አንድ ሽቦ ሲያገኝ እዚያ አይቆምም። አጥሩን እስከ ጫፉ ይሄዳል፤ ሁሉንም ሳያይ ስለ አንዱ አይናገርም። መጠምዘዣውን፣ ሽቦው የተጠመዘዘበትን ቦታ፣ ያነባል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ ሲጠመዘዝ ጥቁሩ ይላጥና ውስጡ ያብለጨልጫል። ሲያረጅ ቀይ ይሆናል። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ባለቤቱ ቅርብ ነው። ቀይ ከሆነ ሩቅ ነው።

እንስሳ ተይዞ ሲያገኝ ደግሞ ሽርጡን ይፈታል። የመጀመሪያ ጊዜ በሙታንታ ቆሞ ሳየው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ከተያዘችው ሳላ ትከሻ ኋላ ገባና ሽርጡን ዓይኗ ላይ ጣለው። ሳላ ቀንዷ እንደ ጦር ነው፤ አንበሳ እንኳ ያስባል። እኔ በባላ እንጨት ቀንዶቿን ወደ መሬት ስይዝ እሱ በፒንሳ ይቆርጣል።

«መጀመሪያ ከግንዱ በኩል አትቁረጥ» አለኝ። «ሸምቀቆውን እግሯ ላይ ይዛው ትሮጣለች፤ ሌላ ቦታ ሄዳ ትሞታለች። አንተ ደግሞ አዳንኳት ብለህ ቤትህ ትተኛለህ። መጀመሪያ ከእግሯ።»

ያችኛዋ ስትነሳ በኋላ እግሯ ጭኑን አለችው። አንድ ሳምንት አነከሰ። ማን እንደመታው ሲጠይቁት «ደመወዜን ከፍላኝ ነው» ይላል።

የዳነው ይለቀቃል። የማይድነውን፣ አጥንቱ የተሰበረውን፣ ነፍሱ ሳትወጣ እናርደዋለን፤ ሥጋው ካምፕ ይገባል። ሁመድ ከዚያ ሥጋ አይበላም ነበር። «ሐላል እኮ ነው» እንለዋለን። «ሐላልነቱን አውቃለሁ» ይለናል። ቂጣውን በወተት አርሶ ይበላል። ሌላ ነገር አይናገርም፤ እኛንም አይከለክልም።

የመጀመሪያው አለቃችን የድሮ ወታደር ነበር፤ ይጮህብናል እንጂ ሥራውን ያውቀዋል። ስንመለስ የሰበሰብነውን ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ያየዋል። እሱ ሄደና ሌላ መጣ። የተማረ ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም፤ ከላይ ይጨቀጭቁታል መሰለኝ። ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ ስናራግፍለት «ይህን ምን ላድርገው?» አለን። «ሽቦ ፍርድ ቤት አይቆምም። ሰው አምጡልኝ።»

እኔንም የቡድን መሪ ያደረገኝ እሱ ነው። ሁመድ እያለ እኔ። ምክንያቱ ሪፖርት መጻፍ ስለምችል ነው፤ ሁመድ በጣት ነው የሚፈርመው። ወደ ካምፕ ስንመለስ ሁመድ ጠመንጃዬን ተቀብሎ ተሸከመልኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«አለቃ ጠመንጃ አይሸከምም።»

ሳቅን። ያኔ ገና እንሳሳቅ ነበር።

ሳላዋን ያገኘናት በበጋ ነው። ገና ጠዋት ነበር፣ እኔና ሁመድ ብቻ ነበርን። መንጋው ሜዳው ላይ ቆሟል፤ ሰው ሲያይ የሚሸሸው መንጋ አልሸሸም። አንዷን እየጠበቀ ነው። የፊት እግሯን ተይዛ ግራሩን ትዞራለች። የተያዘችው ሌሊቱን ይመስለኛል፤ እግሯ ገና አልተሰበረም፣ ደሙም ጥቂት ነበር። ሁመድ ጠጋ ብሎ አያትና ፒንሳውን አወጣ።

«ቆይ» አልኩት።

«ምን ልቆይ?»

«ባለቤቱ ይመጣል። አድብተን እንያዘው።»

ሁመድ ወደ ሽቦው አየ፣ ወደ እኔ አየ። «መጠምዘዣው ቀይ ነው። ይህን የተከለ ሰው አይመጣም።»

«ጤዛ ነው ያዛገው።»

«ጤዛ?» አለ። «እዚህ አገር? እስቲ የቱ ጋ ነው፣ ፊቴን ልታጠብበት።»

ሲስቅብኝ ደሜ ፈላ። እልኸኛ ነኝ፤ እናቴም ሚስቴም ይህንኑ ይሉኝ ነበር። ደግሞም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጥጥ ለቃሚ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ በክት አይበሉም። ሳትሞት ማረድ አለባቸው። እንግዲያው ፀሐይዋ ሳትገድላት መምጣታቸው ግድ ነው፤ ቢዘገይ እስከ ቀትር። ሂሳቡ ልክ መስሎኝ ነበር።

«እሺ፣ መጀመሪያ አጥሩን እስከ ጫፍ እንየው» አለኝ።

«ዱካ እንተዋለን። ያያል፣ ይሸሻል።»

«ሰይዴ፣ እሷን እንቁረጥላት። ሌባ ሌላ ቀን ይገኛል።»

«መሪው እኔ ነኝ» አልኩት።

ይህን ቃል ለሁመድ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ፒንሳውን ኪሱ ከተተ። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ገብተን በሆዳችን ተኛን።

ቀትር ሆነ። የመጣ ሰው የለም። መንጋው ውሃ ጠምቶት ይሁን ተስፋ ቆርጦ አላውቅም፣ ወደ ወንዙ ወረደ። ሲሄዱ አይታ ጮኸች። ሳላ ስትጮህ ሰምታችሁ ይሆን? ጥጃ ነው የምትመስለው። ከዚያ በኋላ ወደ መንጋው በኩል ትስባለች፣ ሽቦው ይመልሳታል፤ ትስባለች፣ ይመልሳታል። ሽቦው ልጡ ላይ ሲፋቅ የሚያሰማው ድምፅ አለ። ፎጣዬን ከአንገቴ ፈትቼ ጆሮዬ ላይ ጠመጠምኩ፣ ፊቴንም መሬት ላይ ደፋሁ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እላለሁ። ብዙ በቆየሁ መጠን መተው ይበልጥ ከበደኝ። አሁን ብቆርጥላት ጠዋት ያልቆረጥኩት ለምን ነበር?

ከሰዓት በኋላ ቀና ስል ሁመድ አጠገቤ የለም። ፒንሳውን ይዞ ወደ እሷ እየሄደ ነው፤ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

«ሁመድ፣ ተመለስ» አልኩ። «ካልተመለስክ አመለክታለሁ።»

ጥቂት ቆመ። ልጆቹን የሚያሳድግበት ሥራ ነው፤ ይህን አውቄ ነው የተናገርኩት። ተመለሰ። ፒንሳውን ፊቴ አሸዋው ላይ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እስከ ጠዋት ድረስ ቃል አልተለዋወጥንም።

ሲነጋ ሄድን። እግሯ የቀረው በጅማት ነበር። ሁመድ ሽርጡን ዓይኗ ላይ አላደረገም፤ አያስፈልግም ነበር። ቆረጠላት። ለመነሳት አልሞከረችም። ነፍሷ ሳትወጣ ልደርስ ብዬ ቢላዬን አወጣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አረድኳት። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሥጋዋን ካምፕ ወሰድን። እኔም በላሁ። ጣፈጠኝም። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

እኔ ቆዳዋን ስገፍፍ ሁመድ አጥሩን ይዞ ሄዶ ነበር። ጠራኝ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ የሜዳ ፍየል አለች፤ ቆዳና አጥንት ብቻ ናት። ደርቃ እንጨት መስላለች። ሽቦው እግሯ ላይ ነው። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ደግሞ ምን እንደነበረ ያልለየነው አጥንት አለ። ማንም አልመጣላቸውም ነበር። ጠዋቱን አጥሩን ብንሄድበት ኖሮ ገና ፀሐይዋ ሳትጠነክር እናየው ነበር።

በኋላ ከሜዳው ማዶ ያለውን የእርሻ ዘበኛ ጠየቅኩት። «ለቃሚዎቹማ ሥራው እንዳለቀ በአይሱዙ ተጭነው አገራቸው ገብተዋል» አለኝ። «ሽቦአቸውን ማን ይነቅልላቸዋል?» እኔ ራሴ ለቃሚ ነበርኩ። ሥራው ሲያልቅ ድስቱን እንጂ ሽቦ ይዞ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን እያወቅኩ ነው የማይመጣ ሰው የጠበቅኩት።

አለቃው ሲሰማ ተቆጥቶ ቢሆን ምናልባት ሌላ ሰው እሆን ነበር። «ጎበዝ» አለኝ። «ዘንድሮ ባይሳካ ሌላ ጊዜ ይሳካል። ወኔው ነው የሚፈለገው።» በስብሰባ ላይ አነሳው። ስሜ ተጠራ። እኔም ዝም አልኩ።

ሁመድ ወደ ሰርዶ በኩል፣ የዱር አህያ ወዳለበት፣ እንዲያዛውሩት ጠየቀና ሄደ። አልተጣላንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጄን ይጨብጠኛል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ያልፋል። ነገር ግን አፋር ዳጉ የሚባል ወግ አለው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ይነጋገራሉ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ፤ መዋሸት ነውር ነው። ድሮ እኔንም እንደ አፋር ቆጥሮ ዳጉ ይጠይቀኝ ነበር። ከሳላዋ በኋላ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰላምታው ሳይቀር ዳጉው ቀረ። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ ስድብ አላውቅም።

እዚህ ላይ የባሰው ነገር አለ። ማድባቱን ቀጠልኩበት። ሁለት ሦስት ጊዜም ሰው ያዝኩበት፤ አንዱ ታሰረ። ሲሳካልኝ «አየህ ሁመድ» እላለሁ በልቤ። በመጨረሻ ሰመራ አዛወሩኝና አዲስ ስካውቶችን አስተምር ተባልኩ። ምን አስተማርኩ? የተመሰገንኩበትን። ነፋሱን ከየት እንደሚይዙ፣ ስልካቸውን እንዲያጠፉ፣ ድምፁ ልባቸውን እንዳያባባው ጆሯቸውን በፎጣ እንዲጠመጥሙ። ይህ ስህተት ነው ብል ያን ቀንም ስህተት ነበር ማለቴ ነው፤ ያን ማለት አልፈለግኩም። ሽርጥ ዓይን ላይ መጣልን፣ መጠምዘዣ ማንበብን አላስተማርኳቸውም። እሱ የሁመድ ነበር።

ወደ ጡረታዬ ቀን ልመለስ። ጭብጨባው አብቅቶ ለስላሳ ሲታደል ሁመድ ወጣ። ተከተልኩት። ግድግዳው ጥላ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት። ጋቢዬን አየ።

«ብርድ ያዘህ?» አለኝ።

«ሸልመውኝ ነው።»

«ፍየል ልትወልድ ስትል አልብሳት።» ከዚያ መሬቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ተቀመጥ። ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

ስንት ዓመት ነው ይህን የጠበቅኩት። ተቀመጥኩ። የሳላዋን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ጤዛ ያልኩትን፣ አመለክታለሁ ያልኩትን፣ ሥጋውን መብላቴን። ሁሉንም ያውቀዋል፤ ከኔ አፍ ግን አልሰማውም ነበር። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አንድ ነገር አልነገርከኝም» አለ።

«ምን?»

«ወደ እሷ ስሄድ ቆመችልኝ። መታገሏን ትታ ቆመች። ያኔ ነው የጠራኸኝ።»

«አላየሁም። ፊቴን ደፍቼ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «አሁን የኔን ስማ። ለጋቢህ አይደለም የመጣሁት። ዛሬ ጠዋት ከሰርዶ ስመጣ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የሜዳ ፍየል በሽቦ ተይዛ አየሁ። ልቆርጥላት ስጠጋ ሁለት ልጆች ከቁጥቋጦ ብድግ አሉ። ሽማግሌ፣ ዞር በል፣ ሥራ ላይ ነን አሉኝ። ጠመንጃ ይዘዋል። ጆሯቸው በፎጣ ተጠምጥሟል።»

ብድግ አልኩ።

«ያንተ ልጆች ናቸው» አለኝ። «እኔን አይሰሙኝም።»

ገብቼ ለኃላፊው ነገርኩት። ደስ አለው። «እሰይ፣ ዛሬ ይይዙታል» አለ። ልጆቹን ያስነሱልኝ ስለው ግራ ተጋባ። «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ያስተማሩት እኮ ነው» አለኝ። ስልክ ደወለ። ዝግ ነው። ሁለተኛውንም ደወለ፤ እሱም ዝግ ነው።

ወደ ሰርዶ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርን። ሾፌሩ ጋቢ ለብሼ ሲያየኝ ለቅሶ የምንሄድ መስሎት ሙዚቃውን ዘጋ። ወርደን በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ስንሄድ እኔ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሁመድ አልጠበቀኝም። ሳልደርስ ድምፁን ሰማሁት። ከሳላዋ የቀጠነ ነው፤ ሌላው ያው ነው።

ልጆቹ እንደተባሉት ተኝተዋል፤ በሆዳቸው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው፣ ፎጣቸውን ጠምጥመው። ሁመድ ቀና ብሎም አላያቸው፤ አልፏቸው ሄደ። አንደኛው ያሲን ይባላል፤ ከሁሉም ታዛዡ ነበር። ብድግ ሲል እኔን አየና ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

«ተዉት» አልኩ። «ይቁረጥላት።»

ሁመድ ሽርጡን ፈትቶ ዓይኗ ላይ ጣለላት። ሁለቱ ልጆች አልሳቁም። ሽቦውን ከእግሯ በኩል ቆረጠ፣ ሽርጡን አነሳ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ጥቂት ቆየችና ተነሳች። አንድ እግሯን አንጠልጥላ በሦስቱ ድንጋዩን ይዛ ሄደች። ትዳን አትዳን አላውቅም። ሁመድም ሲያያት ቆይቶ አጥሩን ይዞ ወደ ጫፉ ሄደ።

ያሲን ፎጣውን ከጆሮው ፈታ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ልንቆርጥላት ፈልገን ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልቆረጣችሁላትም?»

መሬት መሬት አየ። «ጋሽ ሰይድ ቢሰሙ ምን ይሉናል ብለን፣ እርስዎን አፍረን ነው» አለኝ።